ሠላሳ አንደኛዋ

ሱቄ ደረጃ ሥር ነው፤ ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣
አንድ ሲንጀር፣ አንድ ወንበር፤ ሦስተኛ ሰው ከገባ
አንዱ መውጣት አለበት።
ኪራዩ ግን እንደ ትልቅ ቤት
ወር በገባ በሩን ያንኳኳል፤
ከኔ በፊት ይነቃል።

ዚፕ እቀይራለሁ፣ ዐባያ አሳጥራለሁ፣
የተማሪ ሱሪ ጉልበት እደርታለሁ።
ልብሱን የተወ ሁሉ ስልኩንም ትቷል በደብተሬ፤
ስልሳ ሦስት ስም ሞልቷል፣ ከአምና ጥር እስከ ዛሬ።

ጎረቤቴ ሻጂ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ "ጻፊላቸው" ይላል፣
"ደንበኛ እንደ ድመት ነው፤ ካልጠሩት ጎረቤት ያድራል።"
በቀይ አስዋበልኝ፦ "ታላቅ ቅናሽ! እንዳያመልጥዎ!"
ስልሳ ሦስት ጊዜ ላክሁ።
አንዱ ብቻ መለሰ፦ "እባክሽ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"
አፈርኩ።
እኔስ ብሆን፣ እንዲህ ያለው ሲመጣ
መቼ አንብቤ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ፣ ኤሲው እያቃሰተ፣
ከአንድ ኮት ገበር ውስጥ አንድ አዝራር ተገኘ።
ሌላ ወሬ ስላልነበረኝ እሱኑ ጻፍኩት፦

"ከቡናማ ኮት ገበር የጠፋ አዝራር ወጣ፤
በኪስ ቀዳዳ ሰምጦ፣ በሦስት ዓመቱ ዞሮ መጣ።
የናንተንም ኪስ ፈትሹ፤ ጣት ሳያሾልክ ነው የሚሰፋ፤
ዛሬ ሁለት ድርሃም ነው፣ ነገ ደመወዝ ነው የሚጠፋ።
ሽቱ ነኝ፣ ከደረጃው ሥር።"

ቅዳሜ አራት ሰው መጣ፣ አራቱም ኪሱን ገልብጦ፤
ሻጂ በመስታወቱ በኩል፣ ሻዩን እንደያዘ አፍጦ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ፣ እያንዳንዱን በስሙ፣
ስለ ላብ፣ ስለ ክር ዓይነት፣
ጥቁር ጨርቅ ስለሚያወይብ የሰኔ ፀሐይ።
አንዴም ስለ ራሴ ጥፋት፦
የሰው ዐባያ ሁለት ጣት አሳጥሬ
ሌሊቱን ሙሉ ስቀጥል እንዳደርኩ፤
"ያጠረው" አልኩ "ጨርቁ አይደለም፣ ዕድሜዬ ነው።"
ያን ሳምንት ሥራ በዛብኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
ጥፋቷን የምትናገር ሰፊ ጨርቅ አትሰርቅም
ብለው ይሆናል።

ሠላሳ አንደኛዋ ግን፣ ጦይባ፣ አንድም ቀን አልመለሰች፤
ሁለት ሰማያዊ ምልክት፣ አነበበች፣ አለፈች።
ሱቁን በከፈትኩ ዕለት ዚፕ ያስቀየረች፣
"ገበያ ይቅናሽ" ብላ መልሱን የተወችልኝ፣
ዋሲጥ ሰው ቤት የምትሠራ።
ሰባት ወር ዝም።
ልሰርዛት አልኩ፤ ሻጂ "የማይገዛ ስም ሸክም ነው" ይላል፤
እስክሪብቶውን አነሣሁ። እጄ እንቢ አለ።
የሚያነብ ዓይን ያሳሳል።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዓርብ፣ በሩ ተንኳኳ።
አንዲት ልጅ፣ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ የሥራ ልብስ፣
እጀታው እጇን ውጦት።
"ሽቱ አንቺ ነሽ?"
ቆማ ደረጃውን አየች፣ ሲንጀሩን አየች፣
ከዚህ በፊት መጥታ እንደምታውቅ ሁሉ።

"ምንታምር እባላለሁ። ጦይባ አገሯ ገባች።
አልጋዋን ለኔ ሰጡኝ፣ ይህን ልብስ፣
ስልኳንም ከነቁጥሩ።
ዛሬ ገና ነው ዕረፍት ያገኘሁት።
በዚያ ቤት በአማርኛ የሚያናግረኝ
የሐሙሱ ብቻ ነበር።
'ጦይባ' ብለሽ ስትጀምሪ
ኩሽናው ሰው ከሌለው 'አቤት' እላለሁ።
የማዳምን ልጅ ኪስ ሰፋሁት፣ እንዳልሽው፣
ጣት ሳያሾልክ።"

ከዚያ ክንዷን ዘረጋችልኝ፦
"እጀታውን በኔ ልክ።"

ሜትሬን አወጣሁ። ለካሁ፦ አራት ጣት ትርፍ።
"ስንት ነው?" አለች፣ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ፤
በነጻ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣
ዓይኗ ከለከለኝ። "ስምንት ድርሃም።"
ቆጥራ ሰጠችኝ፤ አንዱ ሳንቲም ከእጇ ሞቆ።

በደብተሬ ጦይባን አልሰረዝኩም፤
ከጎኗ፣ በጠመኔ፣ የልጅቱን ስም ጨመርኩ።
ሐሙስ ለስልሳ ሁለቱ
ስለ ረጅም እጀታ ጻፍኩ፤
ለሠላሳ አንደኛዋም ያንኑ፣
መጀመሪያው ላይ ያለውን ስም ብቻ ቀየርኩ።

ሳልጨርስ መልስ መጣ፦
"አቤት።"