እስከ ሰባት ቤት

ሲጀምር ብርሃን ነው፤ በግራ ዓይኔ ጠርዝ ላይ፣
የመጋዝ ጥርስ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ሰማይ።
ከዚያ ትንሿ ጣቴ፤ ከዚያ መዳፍ፣ ክርን፣
ጉንዳን በሰልፍ ሲወጣ ይቆጥራል አካሌን፤
ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ምላሴን ያስራታል፣
"ሮይ" ብዬ ስጣራ "ሮ" ብቻ ይወጣል።
በዴልፍት ዳርቻ፣ በመስታወቱ ቤት፣
ባልዲው ከነአበባው ከእጄ ሲወድቅ መሬት፣
ሱሪናሜው ሮይ ነው ሮጦ የሚደግፈኝ፣
ሰዓቱን እያየ፣ "ተንፍሺ" እያለኝ።

መጀመሪያ ጊዜ በአምቡላንስ ተጫንሁ፣
"ስትሮክ ነው" ተብሎ ዋሻ ማሽን ገባሁ፤
ፎቶው ንጹሕ ሆነ፤ እኔም ንጹሕ ተባልሁ፣
ግማሽ ፊቴ እንደተኛ በትራም ተመለስሁ።

የሰፈሬ ሐኪም አሥር ደቂቃ ነው ያላት፤
"ፓራሲታሞልና ውኃ" ነው የሷ ብልሃት።
በእሷ ምትክ የመጣው፣ ወጣቱ፣ ትሑቱ፣
"አገር ናፍቆሽ ይሆን?" አለኝ በሚራራ ፊቱ።
ናፍቆት ከመቼ ወዲህ ነው
ግራና ቀኝ መርጦ የሚያመው?

ጎረቤቴ ውብአንቺ "ምች ነው" ብላ ማለች፣
የደረቀ ዳማከሴ ከሻንጣ አወጣች።
ፀሐይ እንደ እንግዳ በምትመጣበት አገር
ምች ከየት ይገባል? ሳቅሁባት ነበር፤
ስቄ ስቄ አሸተትሁት። ምን ልተው፣ ምን ልሞክር።

አንድ ሰኞ ደግሞ በስልክ አስተርጓሚ ሰጡኝ።
"ግማሽ ጎኔ ይከዳኛል፤ ቃል ከአፌ ይጠፋል፤
የቆምሁበት ወለል ይርቀኛል" ብዬ ብዙ አወራሁ፤
እሱ በሦስት ቃል ጨረሰው፦ ራሷን ያማታል።
የደች ቋንቋዬ ትንሽ ነው፤
የቀረውን ለማወቅ ግን ይበቃል።

ራስ ምታት። ስሙ መምታቱን ብቻ ያወራል፤
የኔ ግን ሳይመታ በፊት ይሰርቃል።

ሦስት ዓመት፣ አራት ደብዳቤ፣ አንድ የጠፋ ፋይል፤
ከዚያ ዶክተር ሂልደ።
ኮምፒውተሩን ዘግታ ወንበሯን አዞረች፣
"ጊዜ አለን፤ ቀስ በይ፤ ከየት ይነሳል?" አለች።
እርሳስ ስትሰጠኝ የመጋዙን ጥርስ ሳልሁ።
"ከቤተሰብሽስ ማን አለ?" ስትል ደነገጥሁ።

ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ ናት አለች፤
በአንድ ነጭ ወረቀት ዘሬን መሳል ያዘች።
እኔም ቆጠርሁላት፤ ለጋብቻ እንደሚቆጠር፣
ደም ከደም እንዳይጋባ፣ ቤት በቤት፣ ዘር በዘር፤
አራተኛው አያት ላይ ወረቀቱ አለቀባት፣
ሌላ ለጥፋ ቀጠለች፤ እስከ ሰባት ቤት።

አባቴ ላይ ስመለስ ዝም አልሁ።
ጥላዬ።
አውድማ ላይ ቆሞ፣ መንሹ ከእጁ ወድቆ፣
ክንዱ ባዶ እጅጌ፣ ከንፈሩ ተሰርቆ፣
ከጧት እስከ ቀትር ድዳ ሆኖ ዋለ።
"ጥላዬን ጥላ ወጊ መታው" ተባለ።
ጠበል ወሰዱት፤ ድምፁ ተመለሰለት፤
ከዚያ ወዲያ ግን ብቻውን ገደል ዳር አልሄደም፤
ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኔም።
እህቱን እልፍነሽንም አንድ ፋሲካ እንዲሁ አድርጓት ነበር።

ሂልደ አራት ማዕዘኑን በእርሳሷ አጠቆረች፣
አንዷን ክብ እንዲሁ፤ ከዚያ ወደኔ አየች።
ስም አለው፤ ረጅም ነው፤ ግማሽ ጎን የሚያስር
ማይግሬን፤ ብርቅ ነው፤ በደም የሚሻገር።
ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን እንክብል አንብባ፣
"ይህ ለሌላው እንጂ ላንቺ አይሆንም" ብላ
ሌላ ጻፈችልኝ፤ ካርድም ለቦርሳዬ፣
አፌ በታሰረ ቀን የሚናገር ስለኔ።

አልቀረም። በጥር ብቻ ሁለቴ መጥቷል።
ሮይ የካርዱን ቅጂ ከመቀሶቹ ጎን ሰቅሎታል።

ትናንት ደብረ ብርሃን ለወንድሜ ደወልሁ፤
"የአባባ ጥላ ወጊ ስም ተገኘለት" አልሁ።
ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ
"ሃሎ፣ አስናቀ" ስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለኝ፦
"እኔን ግራ እጄን ነው። ለሚስቴም አልነገርሁ።
እስኪ ስሙን ድገሚው፤ ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።"
ጠበቅሁት። መሳቢያ ሲከፍት ሰማሁ።