ሞራ ገላጭ

ኅዳር ነው፤ ግራትስ ላይ ዝናቡ አላባራም።
አሎይስ ፒኽለር መጣ፣ በሰባት ቁጥር ትራም፤
የደረጃውን ጠርዝ በጫማው እየነካ፣
ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ፣ በግራው እየለካ።

ሞራው ከወጣለት ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ።
«መስኮቱ ይታጠባል ብላችሁኝ ነበር» አለ፣ ሳይቆጣ፤
«ታዲያ ይሄ ጉም ከየት መጣ?»

ዶክተር ሮስቪታ በመብራት ፈለገች፤ ብርሃኑ ደጅ ቀረ፤
ኮርኒያው አብጦ፣ እንደ ተነፈሱበት ብርጭቆ ታውሮ ነበረ።
ብርሃን በር ሲዘጋበት ነው ሰውን ወደ እኔ የሚልኩት፣
በድምፅ እንዳንኳኳለት።

ማደንዘዣ ጠብታ። ከሽፋሽፍቱ መሀል ትንሽ ጽዋ አቆምኩ፣
ጨዋማ ውሃ ሞላሁ፤ መሣሪያውን ነከርኩ።
ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወርዶ፣ ነክቶ፣ ተመለሰ፤
ስክሪኑን በግራጫ ነጠብጣብ አለበሰ።

በእኔ ቋንቋ ይህን ግርዶሽ ሞራ ይሉታል፣
ከታረደ በግ ሆድ ዕቃ ላይ እንደሚገፈፈው ስብ።
ሞራ ገላጭ ነበሩ በሰፈራችን፣ ለፀሐይ ዘርግተው የሚያነቡ፤
ከደም ሥሩ መንገድ ላይ ዝናቡን፣ ሠርጉን፣ ቀብሩን።
አባቴ ይስቅባቸው ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።
ዛሬ፣ ሞራው ከተገፈፈለት ዓይን ፊት፣ መብራት አጥፍቼ ተቀምጫለሁ፤
ግራጫን ከግራጫ እየለየሁ
አነባለሁ።

እነሆ፦ አንድ መሆን የነበረበት መስመር ሁለት ሆኗል።
ከኮርኒያው ጀርባ፣ ከፀጉር የሳሳው ሽፋን
ተላቆ ተንጠልጥሏል፤
በመሀሉ ውሃ ተኝቷል።

ስክሪኑን ወደ ግራ ዓይኑ አዞርኩለት።
አርባ ዓመት በሰው ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ የኖረ ሰው
ማብራሪያዬን አልጠበቀም።
«ተላጠ» አለ። «ከኋላው እርጥበት ገብቷል።
የለጠፈውን ሰው አትስደቡት፤ በእኔም ደርሷል።
ብትጎትቱት ይቀደዳል።
ከመሀል ወደ ዳር፣ በመዳፍ፣ ቀስ ተብሎ ነው።»
«እንዲያው ነው» አልኩት፤ «እዚህ ግን መዳፉ አየር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ከዓይኑ ውስጥ
አንዲት የአየር አረፋ አስገባች፤
ሽፋኑን ከቦታው እንድትደግፍ አዘዘቻት።
እሱም በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ እንዲያይ ታዘዘ።

ካፖርቴን ለብሼ ስወጣ በሩን ገርበብ አደረግኩ፦
«እንዴት ነዎት? ምን ይታያል?»
«በዚህኛው ምንም» አለ። ግራ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።
«በዚያኛው ግን…
ይሄን ጣሪያ የቀባው ሰው
ቸኩሎ ነበር።»