ቀብድ

ደብተሬ ላይ፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦
«አትጠገብ። ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰባ አራት፣
ቁመት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት መቶ ሠላሳ አምስት።
ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ጣት ታህል ዝቅ ይላል።
ቀብድ ሁለት መቶ ብር። ለቅዳሜ።»

ቅዳሜ መጣ።
ቅዳሜ ብዙ ጊዜ መጣ።

ሐሙስ ነበር የለካኋት፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወጥታ፣
ጸጉሯ የጥጥ ብናኝ እንደያዘ፣ ጫማዋን ደጃፌ ላይ አውልቃ።
«ለእህቴ ሰርግ ነው፤ እንዳታሳፍረኝ» ብላ ሳቀች፣
ሜትሩ ወገቧን ሲዞር ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።
ሁሉም እንደዚያ ያደርጋሉ፤
እኔም ሳልናገር ሁለት ጣት እጨምራለሁ።

ዓርብ ማታ ለሌሊት ፈረቃ ከቤት ወጣች።
ፋብሪካው ካርዷን አላየም።
ከሽምብጥ እስከ ፋብሪካው በር በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤
ይኸው ሰባት ዓመቷ፣ ገና መንገድ ላይ ነች።

ጣቢያ ሄደው ሲያመለክቱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።
«ልዩ ምልክት አላት?» አለ መርማሪው።
«ፊቷ» አሉ እማማ ይታይሽ፣ «እሱን የመሰለ ከየት ይገኛል!»
መርማሪው ጻፈ፦ ልዩ ምልክት የላትም።
እኔን የጠየቀኝ የለም።
ስለ ትከሻዋ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ከተማው አፍ አወጣ፦
አንዱ መተማ አየኋት አለ፣ በሻሽ ተሸፋፍና፤
አንዷ መንኩሳለች አለች፣ ደቅ ደሴት ገብታ፣ ቆብ ደፍታ፣ ስም ለውጣ፣ መንና፤
ዓሣ አስጋሪው ብቻ ዝም አለ፤ መረቡን እየጠገነ ወደ ውሃው አየና፤
እሱም ዝም፣ እምቦጩን ለብሶ፣ ጣና።

አጎቷ ጨረጨራ ግድቡ ላይ አርባ ቀን ዋለ፣
ውሃ የገፋውን ሁሉ እየቆጠረ፦
ግንድ፣ ጀሪካን፣ የተበጠሰ የደንገል ታንኳ፣
አንድ እግር ጫማ።
የወንድ።
ጣና የሚገባበት ወንዝ ብዙ ነው፣ የሚወጣበት አንድ፤
ሰው ግን በየት በኩል እንደሚወጣ
ግድብ የሚጠብቅም አያውቅ።

የቁርጥ ወሬ ሳይመጣ እርም አይወጣ፣
እርም ሳይወጣ ጥቁር አይለበስ፤
ጥቁር ሳይለበስ ጎረቤት
ምን ብሎ ይድረስ?

የነፍስ አባታቸው ብዕር ይዘው ጠየቁ፦
«ወለተ ሐናን ከየትኞቹ ጋር ልጥራት?
ከሕያዋን? ወይስ…»
እማማ ይታይሽ ጧፋቸውን ሳያበሩ
ይዘውት ተመለሱ።

ቀሚሱ ከመስኮቴ ጀርባ ተሰቅሏል፣ የማንጎ ቀለም፣
ፀሐይ ቀስ በቀስ እየላሰችው።
«ይሄ ስንት ነው?» ይላሉ ገበያተኞች።
«ባለቤት አለው።»
አለው እላለሁ። ነበረው አልልም።
እሷ ቀብር የላት፣ እኔ ቀብድ ይዤ ቀረሁ፤
በአንዲት ፊደል ተለያይተን፣
ሁለታችንም ዕዳ ላይ።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ እማማ ይመጣሉ።
ጫፉን ዳሰስ ያደርጉታል፣ ብል እንዳልበላው፣
«ተባረክ» ብለው ይሄዳሉ።
ዘንድሮ ግን ቆመው ቆዩ።
«ሠላሳ ስምንት ሞላት እኮ» አሉኝ፣
«ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜ ሞላ ትላለች።
እስቲ ወገቡን ትንሽ ልቀቅላት።»

ምን ይባላል?

መነጽሬን አደረግሁ። ስፌቱን ተረተርኩ።
ያኔ የደበቅኋት ሁለት ጣት ጨርቅ እዚያው ነበረች፣
ፀሐይ ያላገኛት፣ ብርሃን ያልነካት፣
እንደዚያ ሐሙስ ደማቅ።
ለቀቅሁላት።

ትከሻውን አልነካሁም።