ጎሚኒ

ዕቁቡ ሲደርሰኝ «አይሱዙ ግዢበት፤
አሸዋ ጫኚበት፤
ገላን እንደሁ ዛሬ፣ ቤት ይወልዳል ቤት»
አሉኝ እትዬ ብዙወርቅ፣ የዕቁባችን ዳኛ።
ሰምቼ፣ አመስግኜ፣
ሴሊካ ይዤ መጣሁ፣ ባለሁለት በሯን፣ የዕድሜዬን እኩያ፤
አሸዋ ቢጭኗት አንድ ባልዲ የምትችል፣
እሱንም በልመና።

ቀይ ነበረች አሉ። አሁን የከረመ በርበሬ መስላለች።
ግን ከቱሉ ዲምቱ ቁልቁል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣
የምታሰማው ድምፅ አለ፤
እሱን ለእትዬ ብዙወርቅ አልነገርኳቸውም።

መንቀጥቀጥ የጀመረችው ክረምቱ ሲገባ ነው።
መብራት ላይ ስቆም መስታወቱ ውስጥ መንገዱ ይደበዝዛል፤
ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክ፣ አንዱ ሁለት ይሆናል፤
የማርሹ ዘንግ እጄ ውስጥ እንደ ተያዘ ዶሮ ይንፈራገጣል፤
ፍሪሲዮን ስለቅ፣ ቋ! አንድ ነገር ከሥር ይመታል።

ጋሽ ጉርሜሳ በአጥር ማዶ ሰሙ፤
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ጋራዥ የኖረ ጆሮ።
«ሞተሩ ደህና ነው» አሉ፣ «የተኛበት ነው የሞተው።
ጎሚኒው አልቋል፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከካምቢዮ ሥር።
እንኳን ብረት ከብረት፣
ሰውም ከሰው ጋራ፣ መሐሉ ለስላሳ ካልገባ አያድር።»

ቅዳሜ ሶማሌ ተራን ዞርኩ፣ በጭቃ።
አንዱ የኮሮላ አመጣ፣ «ያው ነው» ብሎ ምሎ፤
አንዱ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ፣ በስቶ፣
«ከጃፓኑ ይበልጣል፤ ለልጅሽ ታወርሺዋለሽ» አለኝ፣
ልጅ ይኑረኝ አይኑረኝ ሳይጠይቅ።
የሁለተኛውን ገዛሁ። ሦስቱንም በፌስታል ቋጥሬ
እንደ ቅርጫ ሥጋ አንጠልጥዬ ገባሁ።

እሁድ። ግቢው ጠጠር ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል።
ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ሌላ ጣውላ።
«ክሪኩን ባዶውን ኮፓው ላይ እንዳታሳርፊ! እንጨት መሐል አግቢ!»
ጋሽ ጉርሜሳ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣
እጃቸውን ጭናቸው ሥር ሸጉጠው።
ይንቀጠቀጣል እጃቸው። ሁለት ዓመቱ።
ቁልፍ አይጨብጥም፤
ብርጭቆ ከግማሽ በላይ አይቀዳላቸውም።

ቡሎኑ እምቢ አለ። ናፍጣ አጠጣሁት፣ ጠበቅሁት፣
ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤
የጎረቤት ልጅ ኪያ «ይሰበራል!» እያለ ሲስቅ
እንደ ቆየ ኩርፊያ፣ ድንገት ለቀቅ።

ሞተሩን አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ከፍ አደረግሁት።
የግራው ወጣ፤ በዘይት የራሰ፣ የላላ፣ ለሁለት የተከፈለ።
«አየሽ፣ የራሱን ተሸካሚ
በራሱ ላብ ገደለ።»
የቀኙ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣
በበጋ እንደሚሄድ ሰው ተረከዝ።

አዲሶቹ አልገባም አሉ። ቀዳዳው በአንድ ጥፍር ሳተ።
በብረት ፈልቅቄ፣ በመዶሻ፣ በጉልበት፣ በስድብ፣
ገባ።
መጨረሻውን ዳዶ ሳጠብቅ መሽቷል፤
በደብረ ዘይቱ መንገድ ሲኖትራክ አለፈ፣
የቤቴ መስኮት ጮኸ።
ቤቱ ጎሚኒ የለውም።

አስነሣኋት።
መስታወቱ አልደበዘዘም። ማርሹ እጄ ውስጥ አረፈ።
ወንበሩ ግን ያጉረመርማል!
መሪው፣ የበሩ እጀታ፣ የጥርሴ ሥር ሳይቀር፤
አዲሱ ጎማ ደረቅ ነውና
ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሳያስቀር ያደርሳል።
አሮጌው ስንቱን ውጦልኝ ኖሯል!

«ይለሰልሳል» አሉ፣ «ሺህ ኪሎ ሜትር ስጪው።»
ተነሡ። ያንን እጃቸውን አውጥተው
ኮፈኑ ላይ አሳረፉት።
ብረቱም ይርገበገባል፣ እጁም ይርገበገባል፤
ለጥቂት ጊዜ፣ የቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም።

መሣሪያ ስለቅም፣ ጠጠሩ ላይ፣ አንድ ሮንዴላ።
«ይኼስ የየት ነው?»
አዩት። ከዚያ ወደ መንገዱ አዩ።
«ትርፍ ይሆናል» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ኪሴ ከተትኩት።
እስከ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ተመለስኩ፤
እስካሁን የወደቀ ነገር የለም።