ባዶ ሚስማር

ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ጥግ፣ ደንገሉ ከሳሳበት፣
የጎጃም ጤፍ መጋዘን ነበረ ሩቅያ የከፈተችው ቤት።
ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ሲዘንብ አያነጋግርም፤
መብራት ቢሄድም ይሂድ፣ በሩን ግን እሷ አትዘጋም።
እኔ ሚስማር መቺዋ ነኝ። አርባ ሁለት መታሁላት፤
አርባ ሁለቱም ፎቶ ግን አንድ ቀን አልሞላላት።

ምክንያቱ ይደርሳል። ቀድሞ የአባቷ ነገር ይምጣ።
ይማም ደንገል እያሰረ፣ ካሜራ ያነገተ ሰው መጣ፤
አነሳው፤ ሄደ። ስሙን አልጠየቀ።
ይማምም በወባ፣ በዚያው ክረምት ወደቀ።

ከዓመታት በኋላ፣ ወደቡ ላይ፣ ከፖስትካርድ ሻጭ ጠረጴዛ
አባቷን አገኘችው።
«ሠላሳ ብር አለኝ ልጁ። ሃያ አምስት አልኩ፤
በአባቴ» ትላለች፣ «በአባቴ ተከራከርኩ።»
ከግርጌው፦ «ወይጦ ከታንኳው ጋር»።
በቃ። ይኸው ነው።

ካሜራዋ ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ የተገዛ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፤
ማንንም አያነሳም፣ መጀመሪያ ስም ካልተነገረ።

እሑድ ሰፈሩ ይመጣል። ስለ ብርሃን ማንም አያወራም።
«ይሄ ቋጠሮ የሰይድ ነው፤ የኔ እጅ እንዲህ አያላላም!»
ወፍጮ ወቃሪዋ ዘምዘም ራሷን ቆማ አየችና፦
«ወንበር አምጡ፤ ይቺ ሴትዮ ደክሟታልና።»
ብርጭቆ የሚለዩብንም ከከተማ ብቅ ይላሉ፤
ከፎቶው ስር ጎንበስ ብለው ስማችንን ያነባሉ።

ሰው የሞተ ሌሊት ግን በሩ ይመታል።
«ፎቶውን» ይላሉ። ከሚስማሩ ይወርዳል፤
እስኪነጋ ከለቀስተኛው መሀል ይቆማል።
አንዳንዱ በአርባው ይመለሳል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።
መዝገብ የላትም። አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ
«ስብስቡ ጎደሎ ነው» አላት፣ ማስታወሻውን ዘርግቶ።
«አዎ» አለችው፤ «እኛም እንዲሁ።»

ፖስትካርዱ ከበሩ ትይዩ ነው፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ፤
አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦
ይማም እንድሪስ።
ልጆች ይገለብጡታል። እኔ እመልሰዋለሁ።

ትናንት ሰባት ሚስማር ባዶ ነበር። ልነቅል ጉጠት አመጣሁ።
ሩቅያ ጉጠቱን ከእጄ ወሰደች፤ መዶሻውን አንስታ
ከሰባተኛው አጠገብ ስምንተኛ መታች።
ጠማማ ነው።
አላቃናሁትም።