የወንዜ ልጆች

ዝናቡ ከላዬ፣ ጭቃው ከጉልበቴ፣
አስራ ሰባት ቀን ሆነኝ ከወጣሁ ከቤቴ።
በደቡቡ ደሴት፣ በኒውዚላንድ ሰማይ፣
ብርቱካኑን ምልክት ባጣው ከዛፍ ግንድ ላይ፣
እጄ ቆርቆሮ ነካ። ጎጆ ነው። ጨለማ።
ከጎርፉ በስተቀር ድምጽ የማይሰማ።

ጣቴ ሲዳብስ አገኘ፤ ክብሪት በብልቃጥ፣
ከምድጃው አጠገብ የተደረደረ ፍልጥ፣
ደርቆ፣ በልክ ተቆርጦ፣
ጭራሮው ሳይቀር ተለይቶ፣ ተመርጦ።
ማን ነው?
የጎጆው መዝገብ ላይ "እንጨት አለ" ብቻ፤
ስም የለው፣ ፊርማ የለው፣
በእርሳስ የተጫረ፣ ከገጹ ዳርቻ።

ገና ላልመጣ ሰው መጥረቢያ ያነሳ፣
ላቡን ማንም ሳያይ፣ እሱም ሳያወሳ፤
ካልሲዬን ከእሳቱ በላይ ሰቅዬ ሳደርቅ
ምስጋና ይዤ ቀረሁ፣
ለማን እንደምሰጥ ሳላውቅ።

በማግስቱ መጡ። ናይሪ ቀድማ ገባች፤
ስልሳ ሰባት ዓመት፣ ጡረታ የወጣች፣
ግማሽ ዕድሜዋን አውቶቡስ የነዳች።
"ወንዙ ሞልቷል" አለች ጫማዋን ስታወልቅ፣
"ቀዩ መብራት በርቷል፤ ሁሉም ሰው ይጠብቅ።"
ቀጥላ ዝደንካ፣ የፕራግ ነርስ፣ ሳቂታ፣
አንድ እግሯ ባዶውን፣ ካልሲ ተሰርቃ ማታ።
ሌባው በቀቀን ነው፤ ኪያ ይሉታል እነሱ፣
አረንጓዴ ሽፍታ፣
ሲሰርቅ እያየኸው የሚያስቅህ እሱ።

መጨረሻ ላክላን። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ።
ስሙን ከነገረን ተዘጋ አንደበቱ።
ጥግ ይዞ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣
ቦርሳውን አቅፎ፣ እንደማያምን እንግዳ።

ሦስት ቀን ዘነበ።
ወንዙ ድንጋይ ይዞ ሌሊቱን ሲያጓራ
ፍራሻችን ስር ነው የሚመስል፣ ከኛ ጋራ።
ያለንን አወጣን ከጠረጴዛው ላይ፤
ምስር አንድ ጣሳ፣ ሽንኩርት፣ ጥቂት ሻይ፤
የዝደንካን ቋሊማ፣ በጥርስ ማጽጃ ክር
እኩል አራት ቦታ ከፈለችው በሚሊ ሜትር።
ላክላን "የለኝም" አለ። አላልነውም ለምን።
ድርሻው አልጎደለም፤ በላ እንደ ሁላችን።

በሦስተኛው ማታ፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል፣
ቦርሳው ተከፈተ። ወረቀት ኮሽ ሲል
ሁላችን ሰማነው፤ ማንም አልዞረም።
ቸኮላት ነው፤ ሙሉ፤ ጫፉም አልተነካም።
ከጠረጴዛው ላይ አኖረው በቀስታ፣
ጆሮው ቀልቶ፣
ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ላፍታ።
ናይሪ ቆረሰችው። ትናንትን አላነሳች።
ትልቁን ቁራሽ ለሱ አቀበለች፣
"ለውዝ አለበት፤ ጥሩ ነው" ብላ አኘከች።
ከዚያ ነው ያወራው፣ እስኪነጋ ድረስ፣
ስለ አባቱ እርሻ፣ ስለተሸጠው ፈረስ።

"እጅ ለእጅ አይሆንም" አለች ናይሪ ቆጣ፣
ውሃው በጎደለ ጠዋት፣ ከዳሩ ስንወጣ፤
"እርጥብ እጅ ይከዳል። ክንድህን በጀርባው
አሳልፈህ፣ ጨብጥ የጎንህን ሰው ሻንጣ፣ ከማንገቻው።"
ከላይ ቆመ ላክላን፣ ጎርፉ የሚያርፍበት ጫፍ፤
በሱ ከለላ እኛ፣ ከታቹ በሰልፍ፤
ዝደንካ፣ ከዚያ እኔ፣ ናይሪ መጨረሻ፣
ስምንት እግር ያለው፣ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ።

መሃል ላይ
የረገጥኩት ድንጋይ ከእግሬ ስር ተነሳ፤
ትንፋሼ ተቋርጦ ስሜም ተረሳ።
አልወደቅኩም ግን። ከጀርባዬ ወዲህ፣ ከጀርባዬ ወዲያ፣
ሁለት ቡጢ ነበር፤
ሌላ አላሻኝም መጠጊያ።

"የወንዜ ልጅ" ሲባል፣ ባንድ ውሃ ያደገ፣
ካንድ ዳር የጠጣ ሲሻው፣ እንደፈለገ።
እኛስ አልጠጣነው፤ ሊጠጣን ነው የነበረ፤
ግን ካንድ ወንዝ ወጣን፤
ዝምድናው በዚያ ተጀመረ።

ከመኪናው መንገድ ስንደርስ ተለያየን።
አድራሻ አልተጻፈም፣ ፎቶ አልተነሳን።
ናይሪ የወተት ቦቴ አስቆመች፣
ሾፌሩን ገና ሳትቀመጥ
"ማርሹን አታስጨንቀው" እያለች
ሄደች።
ላክላን ወደ ሰሜን። ዝደንካ በአንድ ካልሲ።

በዓመቱ ተመለስኩ። ጎጆው ያው ነው፣ ባዶ።
የፍልጡ ክምር አልቋል፣ ለብዙ ሰው ነዶ።
መዝገቡን ገለጥኩት። ከወር በፊት፣ በእርሳስ፣
"ላክላን። እንጨት አለ።
ቸኮላት ከጣሳው ውስጥ።"
ጣሳውን ከፈትኩት። ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል።
የማላውቀው፣ የራሰ፣ የራበው ሰው
በልቶታል።
ደስ አለኝ።
መጥረቢያውን አነሳሁ።