የቆርቆሮ ዝናብ

መንደራ፣ ከፍሪጅ መጠገኛዬ ጀርባ፣
አንድ ትንሽ ባሕር አለ፣ መስታወት ውስጥ የገባ።
ጅማ ወዴት፣ ባሕር ወዴት፣ የሚል አይጠፋም፤
እኔም ብያለሁ፤ ሸምሰዲን ግን ሲነግሩት አይሰማም።
የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከወንበሩ ሥር
በቀለም ባልዲ አምጥቶ አስረከበኝ ያንን ፍጡር፦

ለስላሳ ኮራል። አጥንት የለው፣ ዓይን የለው።
ጥላውን ዘርግቶ ሲታይ እንጉዳይ ነው፤
ጥላው ላይ ግን ሺህ ጣት፣
ውኃው ወዲያ ሲል ወዲያ፣ ወዲህ ሲል ወዲህ የሚወዛወዝ፣
ማንንም የማይጠቁም፣ ማንንም የማይዝ።

ሰኔ ሲገባ ጣቶቹን አንድ ባንድ ሰበሰበ።
በማግሥቱ አጎነበሰ።
በሳልስቱ ሰም የመሰለ ነገር ለበሰ።
ጎረቤቱ ሐምራዊዋ፣ እንደ ልብ የምትከፈት የምትዘጋዋ፣
በአንድ ሌሊት እንደ ሳሙና ሟሟች፤
የቀረችውን በማንኪያ ለቅሜ አወጣሁ።

እጄ አላረፈም።
መብራቱን ዝቅ አደረግሁ። መልሼ ከፍ አደረግሁ።
ከድንጋይ ድንጋይ አዞርኩት፣ ኪራይ እንዳጠረው ተከራይ።
አዮዲን ከፋርማሲ፦ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ።
የበሰበሰውን ጠርዝ በምላጭ ቆረጥኩለት፣
የራሴን ሥጋ እንደምቆርጥ ጥርሴን ነክሼ።
ሌሊት ተነስቼ በባትሪ ስጎበኘው፣
አከራዬ አደ ሎሚቱ በመስኮት አዩኝና
«የታመመን የሚያደክመው» አሉ «ጠያቂ ሲበዛ ነው።»

አንድ ማታ መብራት ጠፋ።
ፓምፑ ዝም፣ ውኃው ዝም፤ የቆመ ውኃ ይታፈናል።
ልጄ ሲፈን የፊዚክስ ደብተሯን ዘግታ፣
በሻይ ብርጭቆ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁራለች፤
መቶ ስትቆጥር እኔ እረከባለሁ፣
መቶ ስቆጥር እሷ።
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።
«አባ፣ የጎደለውን የምንሞላው ከየት ነው?»
«ከዝናብ ነዋ! የጅማ ዝናብ ምን ይወጣለታል?»
«ዝናቡስ? ወደኛ የሚመጣው በየት በኩል ነው?»

ዝም አልኩ።
ወጥቼ ከአሸንዳው ሥር አፌን ከፈትኩ።
ሠላሳ ዓመት ከብየዳ ጢስ ጋር የኖረ ምላስ አይሳሳትም፦
ቆርቆሮ። ዚንክ።
ሰማይ ንጹሕ አድርጎ የላከውን
የእኔ ጣሪያ መንገድ ላይ እየመረዘ ሲያቀብለኝ፣
እኔም በየማለዳው፣ እየሳሳሁለት፣ አጠጣዋለሁ።

ጠዋት ሰፊ ላስቲክ ወጠርን፣ ከአጥሩ ካስማ እስከ መብራት ምሰሶው፣
መሃሉን ረገብ አድርገን፣ ከሥሩ ነጭ ጀሪካን።
«ምነው፣ ሠርግ አላችሁ?» አለ አላፊ አግዳሚው።
ዝናቡ ከደመና ወደ ላስቲክ፣ ማንንም ሳይነካ።
ከዚያ የባሕር ጨው በሚዛን፣
ከሰል በሲፈን አሮጌ ካልሲ፣
በየሦስት ቀኑ ከድሮው ውኃ አንድ ጆግ ማውጣት፣
ከአዲሱ አንድ ጆግ መጨመር። ከአንድ ጆግ አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ፦
እጄን ኪሴ ከትቼ መቆም።
ፍሪጅ ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰሙ ከጠርዙ ተላቀቀ፣
እንደ ወተት ስልባቦት ተንሳፈፈ፤
ፓምፑ እየገፋ ወሰደው።
ከፈን ነው ብዬ ያለቀስኩበት
ለካ የሚያወልቀው ልብስ ኖሯል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲፈን ጠራችኝ፤
አልጮኸችም፣ በሹክሹክታ፣ የሚበር ነገር እንዳየ ሰው።
«አንድ» አለች።
አንድ ጣት። በስተግራ፣ በምላጭ ከቆረጥኩት አጠገብ፣
የሩዝ ፍሬ አያህልም።
«ሁለት» ለማለት እስከ ማታ ተቀመጥን።

ሐምራዊዋ አልተመለሰችም። ቦታዋ ባዶ ድንጋይ ነው፤
ምንም አላስቀመጥኩበትም።

ፍሪጁን ሊወስድ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሟል።
«ነገ» አልኩት።
ከጅሬን በኩል ጠቁሯል፣
ላስቲኩ ደግሞ አልተወጠረም።